ማርሚታ ሲቆረጥ የሚጨምረው ጉልበት ሳይሆን ጩኸት ነው

እስቲ ዛሬ ስለ ሞተር ማርሚታ እናውራ። ሞተር የሌላችሁም አንብቡት፤ ማርሚታው የአንድ ሰው ቢሆንም ድምፁ የሰፈሩ ሁሉ ነው።

መርካቶ ውስጥ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ አካባቢ የዞረ ሰው ይቺን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ማርሚታውን ክፈተው፣ ይተንፍስ፣ ጉልበት ይጨምራል።» ልጁም ያጠራቀማትን ብር አውጥቶ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ይገዛል፤ ካልቻለ የፋብሪካውን አስቆርጦ ሆዱን ያስወጣል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ካስተማርኳቸው ልጆች ውስጥ በሞተር ዕቃ እያደረሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አሉ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሞተረኛን ለመስደብ አይደለም፤ በላቡ ያገኘው ብር በጩኸት እንዳያልቅ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ማርሚታ ዝም ብሎ የጭስ ማውጫ ቱቦ አይደለም። ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ ቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጥራል። የሚመለሰው ሞገድ በሰዓቱ ከደረሰ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፣ አዲስ አየር እንዲገባም ያግዛል። የቱቦው ርዝመትና ስፋት ተለክቶ የተሠራው ለዚህ ነው። በመጋዝ ስትቆርጠው ይህን ልኬት አብረህ ትቆርጠዋለህ። ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ነው። መርካቶ ላይ በጋሪና በአይሱዙ መሃል ለምትሹለከለክ ልጅ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግህ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ካርቡራቶር ባለው ሞተር ላይ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ጂግለሩ ነው። ማርሚታ ስለተቀየረ የጂግለሩ ቀዳዳ በራሱ አይሰፋም። አየሩ ከልክ በላይ ከበዛ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጅ መስጠት ስታቆም ደግሞ «ጧ! ጧ!» ይላል። ልጆቹ ይህን ተኩስ እንደ ጉልበት ይቆጥሩታል። ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ሲነድ ነው እኮ! ጎማህን አንዲት ስንዝር አልገፋም።

ሦስተኛ፣ «ፕሮግራሙን አስተካክልልሃለሁ» የሚባለው ነገር። ይህ በውጭ አገር የታወቀ ሥራ ነው፤ የነዳጁንና የእሳቱን ሰዓት ኮምፒውተር የሚቆጣጠርበት ሞተር ላይ፣ በመለኪያ እየታየ ይሠራል። እዚህ ብዙው የሥራ ሞተር ግን ባለ ካርቡራቶር ነው። ካርቡራቶር ፕሮግራም የለውም። የሌለ ነገር አስተካክላለሁ ብሎ ብር የሚቀበልህ ሰው አየር እየሸጠልህ ነው።

አየር ካልን አይቀር፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። አየራችን ስስ ስለሆነ ሞተሩ በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ገደማውን እዚህ ያጣል። 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ወደ 9 ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ማርሚታ በመቁረጥ አታስመልሰውም።

ጉልበት ከፈለግህ ፊልትሮህን አጽዳ፣ ቫልቩን በጊዜው አስለካ፣ ሰንሰለቱን ቅባ፣ የጎማህን ነፋስ ጠብቅ። ካንዴላውን አውጥተህ እየው፦ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ካስፈለገም ጂግለሩን በሚያውቅ መካኒክ አስቀይር። ይህ ሁሉ ከአዲስ ማርሚታ ዋጋ በታች ነው።

«ድምፁ እኮ ሕይወቴን ያድናል፣ መኪናው ይሰማኛል» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ እውነት ነው፣ አልንቀውም። ግን ማርሚታህ የሚጮኸው ወደ ኋላ ነው፤ ከፊትህ የሚታጠፈው ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቷል። የሚያድንህ ፍሬን፣ መብራትና ሄልሜት ነው።

ጆሮህስ? 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መቆየት የመጨረሻው ልክ ነው ይባላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል። ክፍት ማርሚታ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ማነው? አንተው ነህ።

የሌላውም ሰው ጉዳይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመማሪያ ክፍል የሚመክረው ከ35 ዴሲቤል ያልበለጠ ድምፅ ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ ቀመር እየጻፍኩ አንድ ሞተር በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ሃምሳ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ያጣዋል። እኔ እደግመዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛች ሕፃን እናት ግን እንቅልፏን ማን ይደግምላታል?

የመጨረሻው ነገር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሞተር ሳይክሎችን ስታግድ ምን እንደሆነ ሞተረኛ አይረሳውም። ጥቂቶች በሞተር ቀሙ ተብሎ፣ በሞተር እንጀራ የሚበላው ሁሉ ተጠረጠረ። የዚህች ከተማ ትዕግሥት ለእናንተ የሥራ ፈቃድ ያህል ነው። እያንዳንዱ ተኩስ ከዚያች ትዕግሥት ላይ ይቀንሳል። ነገ ሌላ እገዳ ቢመጣ የሚጎዳው ማርሚታ የቆረጠው ብቻ አይሆንም፤ በጨዋነት የሚሠራውም ጭምር እንጂ።

ትራፊክ ፖሊስም ልጁን መንገድ ላይ ከማሳደድ ባለፈ ቆርጦ የሚበይደውን ቤት ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ሕጉ እንደሆነ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል።

ሞተረኛ ጓደኛ ያላችሁ ይቺን አድርሱልኝ። አልስማማም የምትሉም ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ካንዴላችሁን አውጥታችሁ እዩት።