ጠበቃው ብርብር የሚደርሰው መቼ ነው?

ባለፈው ሰሞን ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስጓዝ የምዕራብ ዓባያ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በብርብር አደርኩ። በማግሥቱ ጠዋት ከአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ጠረጴዛ አጠገብ ቡና ስጠጣ፣ ሙዝ አምራች የሆኑ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የመሬት ይዞታ ነገር ሲያስረዱ ሰማሁ። ጸሐፊው የሕግ ምሩቅ ነው። «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «እማማ፣ ይህ ጠበቃ ያስፈልገዋል» አላቸው። «ጠበቃው የት ነው፣ ልጄ?» አሉት። «አርባ ምንጭ» ሲላቸው ወረቀታቸውን አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ሥራ የሌለው የሕግ ምሩቅና ጠበቃ የሌላት ባለጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የማይገናኙት ለምንድን ነው?

በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን ጥብቅና የግለሰብ ሙያ ነበር፤ በሕግ የታወቀ የጥብቅና ድርጅት አልነበረም። ጀማሪው የሚገባው «ልምድ ታገኛለህ» ተብሎ፣ ያለ ጽሑፍ ውል ነበር። እኔም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የሠራሁት ለታክሲ በምትበቃ ገንዘብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ግን ጠበቆች በሽርክና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር ከፈተ። ድርጅት ማለት ቅጥር፣ ደመወዝና የሥራ ክፍፍል ማለት ነውና ብዙዎቻችን ተስፋ አደረግን። ይሁንና ተስፋው አሁንም ያጋደለው ትልልቅ ውሎችና ባለሀብቶች ወዳሉበት ወደ አዲስ አበባ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ሳቢያ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ፣ ውል ማርቀቅም ሆነ ምክር መስጠት ከቤት እንደሚቻል ሁላችንም አየን። ከቢሮና ከሰዓት ያልታሰረ ሥራ የሚለው ሐሳብም እየተለመደ መጣ። እኔ ሐሳቡን አልቃወምም፤ የምቃወመው ለአሠሪው ብቻ ሲመች ነው። ወጣቱ በገጽ እየተከፈለው፣ ያለ ዕረፍትና ያለ ዋስትና ሲሠራ፣ ያ ነፃነት ሳይሆን የቀድሞው «ልምድ ታገኛለህ» ስሙን ቀይሮ መምጣቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲደረግና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕግ አዋቂ ሕግን ከራሱ ቢሮ ካስወጣ ለማን ሊሟገት ነው?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የጥብቅና ድርጅቶች በየወረዳው ከተማ በጽሑፍ ውልና በቁርጥ ደመወዝ አንድ አንድ ወጣት ምሩቅ ይቅጠሩ። ወጣቱ ባለጉዳይ ያዳምጥ፣ ሰነድ ይለይ፣ ፈቃድ ባለው ጠበቃ ኃላፊነት ያርቅቅ፤ ጠበቃው በስልክ ይምከር፣ በቀጠሮው ቀን ይቅረብ። «የደንበኛ ምስጢር ይባክናል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምስጢር ከተዘጋ ክፍልና ከተጠያቂ ሠራተኛ ይልቅ በአደባባይ ጠረጴዛ ላይ ይጠበቃልን? «አያዋጣም» ለሚሉም፣ የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት መደንገጉን አስታውሳለሁ። ክልሎችም በራሳቸው የጥብቅና ሕግ የዚህ ዓይነቱን ሰዓት ለገጠር ባለጉዳይ ቢያውሉት መልካም ጅምር ይሆናል።

የጋሞ ሕዝብ ፍትሕ ወደ ሰው ሲሄድ ያውቃል። ዱቡሻ የሚባለው የሸንጎ አደባባይ ሕዝቡ በሚኖርበት መንደር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተቆጡ ወጣቶችን ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሷቸው፣ ቁጣው ወዳለበት በእግራቸው ሄደው እንጂ ቢሮ ተቀምጠው ቀጠሮ በመስጠት አልነበረም።

የብርብሯ እናት ወረቀት አሁንም ነጠላቸው ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ይመስለኛል። ቋጠሮውን መፍታት የሚችለው ልጅ ደግሞ ከፊታቸው ተቀምጧል።

ቸር ይግጠመን።