ያልተገጠመው ቀለበት፦ ቦሌ፣ ሎሜ እና ምድርን የመዞር ሒሳብ

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የመዳረሻዎች ብዛት ዋነኛው የስኬት መለኪያ ሆኖ ይታያል። ካርታውም ይህን አመለካከት ያበረታታል፤ ከቦሌ የሚነሣው መስመር በምሥራቅ በሴኡል በኩል ቶኪዮ፣ በምዕራብ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ደርሷል። የቀረው ፓስፊክ ብቻ ስለሆነ «ቀለበቱ ለምን አይገጠምም?» የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይሰማል። ጥያቄው ቢያምርም የተወለደው ከተሳሳተ መለኪያ ይመስለኛል።

ቀለበቱን ቀደም ብሎ የሞከረው ፓን አሜሪካን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 የተጀመረው ዓለምን የመዞር አገልግሎቱ በ1982 ተቋርጧል። ኩባንያው በአሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ የማጓጓዝ ፈቃድ ስላልነበረው፣ መስመሩ ለአብዛኛው ዕድሜው ከአንደኛው የአሜሪካ ዳርቻ ተነሥቶ በሌላኛው ያበቃ ነበር፤ ዝነኛው ቀለበት ራሱ ክፍት ነበር ማለት ነው። ዋናው ችግር ግን ከዚህ ይጠልቃል። ምድርን ሙሉ የሚዞር መንገደኛ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚፈልገው ከመስመሩ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። በመካከል ያሉት አገሮችም ከእነርሱ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄደውን መንገደኛ ለባዕድ አየር መንገድ ለመልቀቅ ይሰስታሉ። በመሆኑም አውሮፕላኑ በአንዱ ክፍል ሞልቶ በሌላው ባዶ ወንበር ተሸክሞ ይበራል፤ አንድ ጣቢያ ላይ የደረሰ መዘግየትም እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ኢትዮጵያ አየር መንገድን ለማቋቋም በ1945 የተዋዋለው ቲ.ደብሊው.ኤ. ራሱ በ1969 ዓለምን መዞር ጀምሮ በ1975 ተወው። ዛሬ ዓለምን የሚዞረው ትኬቱ እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም፤ የእኛው አየር መንገድ በ2011 የተቀላቀለው ስታር አሊያንስም የሚሸጠው ይህንኑ ነው።

ቦሌ የተያያዘው ሌላ መንገድ ነው። በ1962 መጨረሻ ለገቡት የቦይንግ 720ቢ ጄቶች የልደታ ሜዳ ስለማይበቃ ማረፊያው ወደ ከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ተሻገረ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ለመሄድ በአውሮፓ መዞር በተለመደበት ጊዜ፣ በ1960 ወደ ሞንሮቪያ በረራ ተጀምሮ ነበር፤ በ1973 ቤጂንግ ተከተለች። ሁለቱ ክንፎች ቦሌ ላይ ሲገናኙ የሌጎስ ነጋዴ በአንድ ቅያሪ ጓንግዡ የሚደርስበት ሥርዓት ተፈጠረ። ይህ ቋጠሮ እንጂ ቀለበት አይደለም።

ቋጠሮው ግን የተሠራው ተራራ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የክንፉ ማንሻ ኃይልና የሞተሩ ግፊት አብረው ስለሚቀንሱ፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት አይቻልም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፍ የሚመጣው አውሮፕላን በመልሱ፣ ነፋሱም ከፊቱ ስለሚመጣበት፣ እንደየጊዜው በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ ማረፍ ግድ የሆነበት ለዚህ ነው። በመንገደኛ ዘንድ ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። አየር መንገዱ ግን ጉድለቱን ገበያ አደረገው። በ2013 ወደ ብራዚል፣ በ2016 ወደ ኒውዋርክ በሎሜ በኩል የጀመራቸው በረራዎች በባሕር ጠረፍ ላይ ነዳጅ ሲሞሉ መንገደኛም መጫን ጀመሩ፤ አስኪ ከጎረቤት አገሮች የሚሰበስበው መንገደኛ እዚያው ይጠብቃል። አምስተኛው የአየር ነጻነት፣ ማለትም በሁለት ባዕድ አገሮች መካከል መንገደኛ የመጫን መብት፣ እዚህ ለአንድ አፍሪካዊ ኩባንያ ሠራ።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣው በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ነው። ልዩነቱ የከፍታውን ጫና አያጠፋውም፤ ያቃልለዋል። አዳዲስ የአውሮፕላን ሞዴሎች ሲጨመሩበት ያለ ማረፍ ወደ አሜሪካ የመብረር ፈተና ይመጣል። የፈተናውን ክብደት አላቃልልም፦ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችን ቀጥታ በረራ ይመርጣል፣ ተጨማሪ ማረፍም ነዳጅ፣ የማረፊያ ክፍያና ሰዓት ይበላል። ሆኖም የሚድነው ወጪ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ወዲያው ሲታይ፣ ሎሜ ላይ የሚቀረው ገቢ ግን በሌላ ዓምድ ተበትኖ ስለሚቀመጥ የመጀመሪያው ክርክሩን በቀላሉ ሊረታ ይችላል። እኔ ሎሜ እንድትዘጋ አልመክርም፤ ዋሽንግተን ቀጥታ ይሁን ቢባል እንኳ ኒውዋርክ በባሕር ዳርቻው በኩል ቢቀጥል እመርጣለሁ።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆነውም ይኸው ነው፦ ሎሜ ላይ በሚወርደውና በሚሳፈረው መንገደኛ የሚገኘው ገቢ፣ ከአቡሴራ በሚነሣ ቀጥታ በረራ ላይ ለነዳጅ ሲባል ከሚተወው ጭነት ጋር ወንበር በወንበር ተነጻጽሮ መቅረብ አለበት። ሥራው አዲሱ ማኮብኮቢያ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ቢጀመር ይጠቅማል፤ የበረራ መብት አንዴ ከተተወ በሌላ አየር መንገድ ሊያዝ ይችላልና።