ከመግዛት አስቀድሞ ራስን መግዛት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቢቸናና በሞጣ ገበያ የማየውን ነገር በዝምታ ማለፍ ስላልተቻለኝ፣ በአንባቢዎች ዓምድ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው የቢቸና ምድር ጤፍ አብቃይ ነው። ጤፍ እንደ በቆሎ በነቀዝ በቀላሉ ስለማይጠቃ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። አዝመራው በታኅሣሥና በጥር ሲገባ ዋጋው ይረክሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል። ይህን አውቆ በርካሽ ገዝቶ፣ ጥቂት ወራት አቆይቶ በልኩ አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚነቀፍ አይደለም፤ በክረምት ለከተማው እህል የሚያቀርብ እርሱ ነውና። የሚነቀፈው ስሌቱን ትቶ በወሬ የሚነዳው ነው።

ይህን ስል ሌላውን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። እኔም መምህር ሆኜ ሳለሁ አንድ ዓመት በሰኔ ወር እቁብ ወጣልኝ። ገንዘቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ልንቀይርበት ያሰብነው ነበር። ነገር ግን ጤፍ በየሳምንቱ ሲወደድ አየሁና፣ ጓደኞቼም «መስከረም ሳይጠባ እጥፍ ይሆናል» ሲሉኝ፣ የእቁቡን ገንዘብ ሁሉ አውጥቼ፣ በላዩም ከዘመድ ተበድሬ ጤፍ ገዛሁ። በነሐሴ ዋጋው ጥቂት ወረደ። ያን ጊዜ ብሸጥ ኖሮ ጉዳቴ ትንሽ በሆነ ነበር፤ መሳሳቴን ለባለቤቴ መናገር አፍሬ «ይመለሳል» እያልሁ ቆየሁ። አዲሱ እህል መግባት ሲጀምር አበዳሪዬ ገንዘቡን ጠየቀኝ፤ በወረደው ዋጋ ሸጬ ዕዳዬን ከፈልሁ። ቆርቆሮው ሳይቀየር ቀረ። የጎዳኝ ገበያው አልነበረም፤ ስገዛ መጎምጀቴና ለመሸጥ ማፈሬ ነው እንጂ።

ይህ ጠባይ ባልተማረ ሰው ላይ ብቻ የሚታይ አይምሰለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1720 ዓ.ም. ታላቁ ሊቅ ኒውተን በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ኩባንያ አክሲዮን አስቀድሞ አትርፎ ከወጣ በኋላ፣ ዋጋው ሲንር አይቶ እንደገና በውድ ገዝቶ ብዙ ገንዘብ ከሰረ። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. ክረምት የእህል ዋጋ ከመጠን በላይ ንሮ ሳለ የማይወርድ መስሎ ነበር፤ የ2001 ዓ.ም. አዝመራ ሲገባ ግን ወረደ።

ዛሬ ነገሩ ከጤፍ አልፏል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ሥራ ጀምሯል። ይህ ለአገር ልማት መልካም ነገር ነው፤ ቢሆንም ራሱን መግዛት ያልለመደ ሰው በጤፍ የሠራውን ስሕተት በአክሲዮንም ይደግመዋል። ከዚህም የባሰው፣ ተማሪዎቼ በእጅ ስልካቸው የኳስ ውርርድና ክሪፕቶ የተባለውን ገንዘብ «ንግድ» ብለው ሲጠሩ እሰማለሁ። ብሔራዊ ባንክ ግን በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚሄድ መንገደኛ ዓባይን የሚሻገርበት ሰባራ ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከተቆረጠ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት ነበር። ወንዙ ሲሞላ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቀውን ነጋዴ ፈሪ የሚለው ማን ነው? በገበያም እንዲሁ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለዚህ ለወጣት ነጋዴዎች ይህን አሳስባለሁ፦ አንደኛ፣ የእቁብና የብድር ገንዘብ፣ ለልጆች ቀለብ የታሰበም ገንዘብ ለዕድል አይሰጥ። ሁለተኛ፣ ከመግዛት በፊት በስንት እንደሚሸጥና እስከ ስንት ኪሣራ እንደሚታገሥ በደብተር ይጻፍ፤ ልብ ሲሞቅም ደብተሩ ይታዘዝ። ሦስተኛ፣ የተጻፈውን ባለቤት ወይም ታማኝ ወዳጅ ይወቀው፤ ብቻውን የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ይደብቃልና።

ዮሴፍ በግብፅ እህል ያከማቸው በስሌት ነው፤ በራብም ጊዜ ጎተራውን ከፈተ። እኛም ማከማቸቱን ብቻ ሳይሆን በጊዜው መክፈቱንም እንማር።

ከአክብሮት ጋር፣

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣
ከቢቸና