ዘሩ ከዝናቡ ቀድሞ ገዳሪፍ ይድረስ

ግንቦት ላይ የምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ትቃጠላለች። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅለው ሜዳ ራቁቱን ተዘርግቶ ይውላል፤ ጥቁሩ ዋልካም ተሰነጣጥቆ ክንድ እስከ ክርን ያስገባል። በዚህ ሰሞን ስለ ጓሮ አትክልት የሚያነሳ ሰው የሚቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ሱዳን ጓሮ የሚሰናዳው በዚሁ ወር ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መጣል ሲጀምር ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጭቃው ጫማና ዶማ ላይ እየተለጠፈ መቆፈር ቀርቶ መራመድ ያቅታል። በአካባቢው ወዳሉት የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች የሚወስዱት የአፈር መንገዶችም ለጭነት መኪና ፈተና ይሆናሉ፤ ጭራሹን የሚዘጉም አሉ።

ታዲያ ዘርና ዶማ ሐምሌ ላይ ቢመጣ ምን ይጠቅማል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ ለተጠለሉ ሰዎች የሚታቀድ የምግብ እርዳታ የአፈሩን የቀን መቁጠሪያ መከተል አለበት፤ የጓሮ ዘርም ከማሽላውና ከዘይቱ ጋር የራሽኑ አካል ሆኖ ሚያዝያ ሳያልቅ በሰዎች እጅ መግባት ይኖርበታል። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በር ላይ ያለች አሥር ካሬ ሜትር መሬት ለማን ትተርፋለች የሚል አይጠፋም። ሆኖም በራሽን የሚኖር ቤተሰብ የሚያገኘው በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። ቅጠላ ቅጠልና ፍሬ የሚገኘው ከገበያ ነው፤ ገበያ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

ስደተኛው ነገ ስለሚሄድ ጓሮ ምን ያደርግለታል የሚለውን ክርክር የኡም ራኩባ መጠለያ ጣቢያ ታሪክ ብቻውን ያፈርሰዋል። ይህ ጣቢያ መጀመሪያ የተቋቋመው በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ከኢትዮጵያ ለተሰደዱ ሰዎች ነበር። በኋላ ተዘግቶ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተረሳ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹት በሐምዳይት በኩል የተከዜን ወንዝ ሲሻገሩ ያው ጣቢያ እንደገና ተከፈተ፤ ከሳምንታት በኋላም ቱናይድባ የተባለ ሌላ ጣቢያ ተጨመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። የዚያው ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ከብርቱ ነፋስ ጋር መጥቶ ብዙ ድንኳን አፈራረሰ። ለጥቂት ወራት ብለው የመጡ ሰዎች በዚያው ጭቃ ላይ ከአንድ በላይ ክረምት አሳለፉ።

ከዚያ ደግሞ ባለአገሮቹም ተፈናቀሉ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ የተጀመረው ጦርነት ታኅሣሥ 2016 ዋድ መዳኒ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሲንጃ ደረሰ፤ ብዙ ሕዝብም ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። በትምህርት ቤትና በዘመድ ግቢ የተጠለለው ሱዳናዊ፣ በድንኳን ያለው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ፣ የከተማው ነዋሪም ጭምር የሚሸምቱት ከአንድ ገበያ ነው። ስለዚህ የጓሮው ነገር የስደተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከኢትዮጵያ ደጋ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ፈተና አፈሩ ነው። ጎንደር ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ገዳሪፍ 600 ሜትር አካባቢ። ደጋ ላይ ብዙው መሬት አሲዳማ ስለሆነ እናቶች የምድጃ አመድ ጎመን ሥር ሲበትኑ ደግ ያደርጋሉ። የገዳሪፍ ዋልካ ግን ወደ ተቃራኒው፣ ወደ አልካላይኑ ወገን ያደላ ነው፤ አመዱ ያብስበታል እንጂ አያሽለውም። የጎደለው የበሰበሰ ነገርና ናይትሮጅን ነው፤ መድኃኒቱም የከብትና የፍየል ፍግ፣ የማሽላ ቆረንና የሰሊጥ ገለባ ነው። ገዳሪፍ ሰሊጥና ማሽላ በሐራጅ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ ስለሆነች ገለባ አይቸግርም። የሚቸግረው ከክረምት በፊት ሰብስቦ ከአፈሩ ጋር መቀላቀሉ ነው።

ሁለተኛው ውሃ መተኛቱ ነው። ዋልካ አንዴ ከጠገበ ውሃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ በዝርግ መደብ ላይ የተዘራ ዘር ታፍኖ ይበሰብሳል። መፍትሔውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ ክረምት ላይ የዋልካውን አፈር በእጅ እያፈሱ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ የተረፈውን ውሃ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ በበሬ በሚጎተት መሣሪያ ለማቅለል የሠሩት ከዚህ ልምድ ተነስተው ነው።

በድንኳን በር ላይ ይኸው ሥራ እንዲህ ይሆናል። ግንቦት ላይ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ እንደ ቦታው የሆነ መደብ በገመድ ይለካል። ሰው ከሁለቱም ወገን ጎንበስ ብሎ መካከሉን በእጁ መድረስ ስላለበት ከአንድ ሜትር መብለጥ የለበትም። ዙሪያው በዶማ ይቆፈርና አፈሩ ወደ መሐል ይቆለላል፤ መደቡ ከመሬት 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጓሉን በዶማ መቀጥቀጥ አያሻም። ቁልሉ ላይ አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ ሲፈስበት በማግሥቱ ራሱ ይፈረካከሳል፤ ዋልካ ሲረጥብና ሲደርቅ በራሱ የመድቀቅ ባሕርይ አለው። ከዚያ ፍጉና ገለባው ይቀላቀላል፤ ቦዩ ወደ ዝቅተኛው ወገን አፍ ይከፈትለታል። አጥሩ ከማሽላ አገዳ ቢሠራ ይመረጣል፤ እሾህ ፍለጋ ዛፍ መቁረጥ ስደተኛውን ከአካባቢው ሰው ጋር ያጣላል። አጥር ሳያጥሩ መዝራት ደግሞ ለጎረቤት ፍየል መዝራት ነው።

የሚዘራው ነገር ላይም ልማድ ያሳስታል። የሐበሻ ጎመን ብርድ ወዳድ ነው፤ ሰኔ ላይ ገዳሪፍ ቢዘራ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ትል ይበላዋል። የሰኔና የሐምሌ ተክሎች ባሚያ፣ ሉቢያ፣ ቅጠላቸው የሚበላው ሙሉኪያና ሪጅላ፣ ዱባና ከርከዴ ናቸው። ሪጅላ በአንድ ወር ገደማ ለድስት ይደርሳል። ባሚያ ዘሩ ማታ ውሃ ውስጥ አድሮ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ ሲዘራ በሁለት ወር ገደማ ፍሬ ይሰጣል። የተረፈው ባሚያ ተቆራርጦ በሰሌን ላይ ይደርቅና ይፈጫል፤ ሱዳኖች ዌካ የሚሉት፣ ለወጥ ማወፈሪያ የሚሆነው ዱቄት ይኸው ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ሰላጣና ጀርጂር የተባለው ቅጠል ተራቸው ዝናቡ ሲያበቃና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው።

ዘሩ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተራ የግዥ ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። ምሥራቅ ሱዳን የዘር አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአርኪኦሎጂ ጥናት ማሽላ በሰው እጅ ለመለመዱ እስካሁን ከተገኙት ማስረጃዎች ቀደምት የሆነውን፣ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን፣ በዚሁ በከሰላ አካባቢ ከተቆፈረ ሥፍራ የሸክላ ስባሪ ላይ አግኝቷል። ለአየሩ የሚስማማ ዘር ምን እንደሚያደርግም ያሳየው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ሱዳን ሄደው ድርቅ የሚቋቋመውን ሐጂን ዱራ 1 የተባለ ዲቃላ ማሽላ አበረከቱ፤ በኋላም አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ይዘው መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የጓሮ ዘርም ከሩቅ ተጭኖ ከሚመጣ ይልቅ ከገዳሪፍ ገበያ፣ ከአካባቢው ገበሬ እጅ ቢገዛ አየሩን ያውቀዋል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ከባዱ ተቃውሞ ውሃ ነው። ገዳሪፍ በበጋ ውሃ የሚቸግራት ከተማ ናት፤ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውሃ ይሸጣል፤ በየገጠሩ ሐፊር የሚባሉት ኩሬዎች ከክረምት ክረምት መድረስ ያቅታቸዋል። ለሚጠጣ ውሃ ወረፋ የቆመን ሰው አትክልት አጠጣ ማለት አይቻልም። ለዚህም ነው ሰኔ ላይ የሚዘራው መደብ በዝናብ እንዲኖር የሚታሰበው። ከዝናቡ በፊትና በኋላ ላሉት ሳምንታት ግን ብልሃት አለ። ከሱዳን ቤት የማይጠፋው ዚር የተባለው የሸክላ ጋን ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ለጥቂት የበሶብላና የቃሪያ እግር ይበቃል። አንገቷ ብቻ እስኪቀር አፈር ውስጥ የተቀበረች እንስራም ውሃዋን ቀስ እያለች በግድግዳዋ ለሥር ታካፍላለች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቻይና የእርሻ መጽሐፍ ሳይቀር ይህን ዘዴ ይገልጸዋል።

የእቃና የልብስ እጣቢ ውሃም ጥቅም ላይ ይውላል፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስከረም 2016 ሱዳን ውስጥ የኮሌራ ወረርሽኝ መጀመሪያ የታወጀው በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት ነበር። ስለዚህ እጣቢው ተቀቅለው ለሚበሉት ለባሚያና ለዱባ ሥር እንጂ ጥሬውን ለሚበላ ጀርጂርና ሰላጣ አይፈስም፤ ከመጸዳጃ አቅራቢያ የመጣ ውሃ ደግሞ ለምንም አይሆንም። ዘር የሚያድል ድርጅት እነዚህን ሁለት ማሳሰቢያዎች በአማርኛ፣ በትግርኛና በአረብኛ ጽፎ ከዘሩ ጋር መስጠት ይችላል።

ለተባዩ መድኃኒት በየመንገዱ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሃይንሪሽ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ አረንጓዴውን ሁሉ ሲያወድም ኒም የተባለው ዛፍ ብቻ ሳይነካ መቅረቱን አስተዋለ፤ የዛሬው የኒም ምርምር በብዙ መልኩ ከዚያ ምልከታ ይቀዳል። ሃምሳ ግራም ያህል የኒም ፍሬ ተወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ አድሮ ሲጣራ፣ ማታ ላይ ቅጠሉ ላይ የሚረጭ መከላከያ ይሆናል።

መሬቱስ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሱዳን የስደተኞች ሕግ ስደተኛ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው የገዳሪፍ ሜዳም በትልልቅ ባለእርሻዎች እጅ ነው፤ ስደተኛው እዚያ የሚገባው ለአረምና ለአጨዳ በቀን ሠራተኛነት ነው። ነገር ግን በር ላይ ባሚያ መትከል የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ አያስነሳም። ሱዳንም ራሷ ከዚህ የሰፋ ነገር አድርጋለች፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ከኤርትራ ለተሰደዱ ገበሬዎች በቃላ ኤን ናሃል የእርሻ መሬት ሰጥታ አስፍራለች። ከድንበሩ ወዲህ፣ በመተማ በኩል የተጠለሉ ሱዳናውያንን በተመለከተም የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት መብት በር ከፍቷል። በሁለቱም ወገን የጎደለው ፈቃዱን ወደ ተግባር የሚያወርድ ጣቢያ ላይ ያለ ኃላፊ ነው፦ ድንኳን ሲተከል በመካከሉ ለመደብ የሚሆን ክፍተት የሚተው፣ የውሃ ማደያውን ፍሳሽ ወደ ጋራ መደብ የሚመራ።

ይህ ሁሉ ሲባል ጓሮ ራሽንን ይተካል ማለት አይደለም፤ የራሽን ቅነሳን ለማስዋብም ማንም ሊጠቀምበት አይገባም። አሥር ካሬ ሜትር አምስት ሰው የሚያጠግብ እህል አይሰጥም። የሚሰጠው ለወጥ የሚሆን ቅጠል፣ ለልጅ ዱባ፣ ሲተርፍም ለሳሙናና ለስኳር የሚሸጥ እፍኝ ባሚያ ነው።

እንግዲህ ሥራው በወራት ሊቀመጥ ይችላል። ጥርና የካቲት ዘርና ዶማ ከአካባቢው ገበያ የሚገዛበት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ የማደያ፣ ግንቦት የመደብና የአጥር፣ ሰኔ የመዝሪያ። አንድ ድርጅት ገንዘቡ ዘግይቶበት ሐምሌ ላይ ከተገኘም የባሚያ ዘር ጭኖ ጭቃ ውስጥ ከመቅረት የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የጎመን ዘር ገዝቶ መስከረም መጨረሻ፣ መንገዱ ሲደርቅ ቢያደርስ ለጥቅምቱ መደብ ይደርሳል።