የጠብታ ልክና የምርምር አመኔታ

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሪራ በኩል የሐረናን ጫካ ሰንጥቆ ወደ አንገቱ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ቁር ተነሥቶ ዱር በቀል ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ወደሚለቀምበት ሞቃት ስፍራ ሲደርስ፣ ፈጣሪ ለተመራማሪ ያዘጋጀው ሀብት በአንድ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደ ተዘረጋ ያስተውላል። ይሁን እንጂ ሀብቱን መርምሮ የታመነ ቃል ለመናገር የሚያበቃው መሣሪያ በየቤተ ሙከራው አይገኝም፤ እኔም ዛሬ ልናገርለት የምሻው ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ስለ ሆነው፣ ፈሳሽን በታዘዘው ልክና ፍጥነት ስለሚያፈሰው የሲሪንጅ ፓምፕ ነው።

የአንገቱን ቡና ናሙና ይዞ ሮቤ፣ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ፣ ፈሳሽ በጠብታ የሚያወርደውን የመስታወት ቱቦ፣ የቡሬቱን መክፈቻ በጣቱ እያጠበቀና እያላላ፣ ዓይኑን በጠብታው ላይ ተክሎ ለሰዓታት ይቆም ዘንድ ግድ ቢሆንበት፣ እጁ ይዝላል፣ ልቡም ይዘናጋል፤ ሁለት ተማሪዎችም አንዱን ሥራ ሠርተው ሁለት ልዩ ልዩ ውጤት ይዘው ይመጣሉ። ፓምፑ ግን አይዝልም። ሞተሩ አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ከፍሎ የሚዞር ሲሆን፣ ዙሩ ሲፈጸም 2 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ጠመዝማዛ ብረት ቢታሰርበት፣ እያንዳንዱ እርምጃ የሲሪንጁን መግፊያ የሚያስኬደው አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቢገጠምለትም በአንድ እርምጃ የሚወጣው ፈሳሽ በሆስፒታል ከምናውቀው የግሉኮስ ጠብታ አንድ ሠላሳኛ ያህል ይሆናል። ቀኑን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱንም በ60 ካልዒት ከፍለው የሚቈጥሩ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ባሉባት አገር፣ እንዲህ ያለው ረቂቅ ልክ የባዕድ ጥበብ ነው ማለት ከቶ አያስኬድም።

ልክ የአመኔታ ሥር መሆኑንም ከእንዶድ ታሪክ እንማራለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎችን ሞተው ካዩ በኋላ፣ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለማጥፋት የተደከመበት ያ ሁሉ ምርመራ፣ በአገር ቤት ተሠርቷል በመባሉ በቀላሉ አልታመነም፤ የመርዛማነቱ ጥናት በባዕድ አገር በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲደገም ተጠየቀ፤ ዓመታትም አለፉ። ሊቁን ይህ እጅግ አሳዝኗቸው ነበር፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ልኩን በመዝገብ የሚያሳይ ምርመራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠረጠርም።

ታዲያ ፓምፑን ከውጭ እንግዛው የሚል ቢኖር፣ መግዛቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን አንዲት ጥርስ በተሰበረችበት ዕለት መለዋወጫ በዶላር የሚጠበቅለት ዕቃ የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ መቅረቱ የታወቀ ነው። ይልቁንም እዚሁ መሥራት ይቻላል፤ በአሜሪካ የሚሺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሲሪንጅ ፓምፕ ንድፋቸውን ለማንም በነጻ ሰጥተዋል፤ የፕላስቲክ አካሉ በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል፣ ሞተሩና ብረቱም ከገበያ ይገዛል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሙከራው እንዳይበላሽ በ12 ቮልት ባትሪ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ለባሌ ደጋ ቀላል ጸጋ አይደለም።

የሮቤ የምህንድስናና የኬሚስትሪ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ይህን እንዲጀምሩ እማጸናለሁ። የሠሩትን ፓምፕ ውኃ አስፈስሰው፣ የወጣውን ውኃ በሚዛን ይመዝኑ፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ያህል ስለሚመዝን ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል፤ የሚዛኑንም መዝገብ ከምርምራቸው ጋር አያይዘው ያሳትሙት። የሚመለከተው የዩኒቨርሲቲ አስተዳደርም ለዚህ ሥራ አንድ ክፍልና አንድ ቴክኒሻን ይመድብ፤ ከሚሠሩት ፓምፖች መካከልም አንዱ ወደ ሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ይሂድና በስንዴ ዋግ ላይ በሚደረገው ምርመራ ይፈተን።