ለመለዋወጥ የሚሄድ ባዶ እጁን አይሄድም

ገበያ የወጣ ሰው የሚሸጠው ወይም የሚለውጠው ነገር ካልያዘ፥ የሌላውን ዕቃ አይቶ ከመመለስ በቀር ትርፍ የለውም። ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የተሻገረ ወጣትም ከልዩ ልዩ አገር ልጆች ጋራ ለልውውጥ ሲሰበሰብ ነገሩ እንደዚሁ ነው።

በአውሮፓ ኤራስመስ የሚባለው የተማሪዎች ልውውጥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሲጀመር ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ተካፍለውበት ነበር። ዛሬ ኤራስመስ ፕላስ ተብሎ ሰፍቶ ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለው። በዚህም ከ13 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች፥ የመንገዱ ቀን ሳይቈጠር፥ ከ5 እስከ 21 ቀን አብረው እየኖሩ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። ለመካፈል የሚጠየቀው የላኪው ማኅበር ባለበት አገር ነዋሪ መሆን ስለ ሆነ፥ በዚያ በሕግ ተቀምጦ ለሚማር ኢትዮጵያዊም በሩ አልተዘጋም።

አንዳንድ አባቶች ግን ልጁ የተላከው ሊማር ነውና ከባዕድ ልጆች ጋራ ሲጫወት ቢሰነብት ትምህርቱ ይጐዳል፥ ልማዱም ይለወጣል ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሥር የሌለውን ተክል ነፋስ ይጥለዋልና። ነገር ግን መድኃኒቱ በር መዝጋት ሳይሆን ሥሩን ማጥበቅ ነው።

ለዚህም ከቀድሞ ሰዎች አባ ጎርጎርዮስ ምስክር ናቸው። እኒህ የመካነ ሥላሴ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮም ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተገናኙ፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ ተጠርተው ወደ ጎታ ከተማ ሄዱ። የሄዱትም የሰውን አገር ለማየት ብቻ አልነበረም፤ የአገራቸውን ቋንቋና ታሪክ ይዘው ነበርና ሉዶልፍን አስተማሩት። እርሱም የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፥ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ዓ.ም. አሳተመ። ሊቁ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ሰጥመው ቢሞቱም፥ የሰጡት ዕውቀት አብሮ አልሰጠመም።

እንግዲህ የዛሬው ተማሪ ስለ ፊደሉ፥ ስለ 13 ወር ዘመን አቈጣጠሩ፥ ስለ ላሊበላ ሕንፃ ሲጠየቅ አንገቱን ቢደፋ፥ የሚያፍረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሳያስተምር የሰደደውም ነው።

ስለዚህ ሊቃውንት ወጣቱ ከመሄዱ አስቀድሞ የአገሩን ነገር ጠያቂን በሚያረካ ቃል ማስረዳት እንዲችል አድርገው ሊያስተምሩት ይገባል። ባለሥልጣኖችም የበኩላቸው ሥራ አለባቸው። ከሼንገን አገሮች በአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ሌላ ቪዛ ወደ ሌሎቹ መግባት ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ፓስፖርቱም ፈቃዱም ጊዜው ያላለፈ ሲሆን ነው። የፓስፖርት እድሳት የሚጠይቅ ወጣት ዛሬ ነገ ሲባል የልውውጡ ቀን እንዳያልፍበት መትጋት ከጸሐፊው ጠረጴዛ ይጀምራል። ተማሪውም ቀኑ ከፈተናው ጋራ እንዳይጋጭ ከመምህሩ ጋራ አስቀድሞ ይነጋገር።

የራሱን ዐውቆ የሄደ ልጅ የሌላውን መርምሮ መልካሙን ይዞ ይመለሳል፤ የራሱን ሳያውቅ የሄደ ግን ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጐደለበት እንኳ ሊለይ አይችልም።