ትርጉም ያጣ ናፍቆት

በካላክላ የጀበና ቡና በሚፈላበት የሐበሻ ቤት ወሬው ዞሮ ዞሮ ልጅነት ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዱ የካርቱምን ሲኒማ ቤቶች፣ ኮሊዚየምንና ኒል አዝረቅን እያነሣ፣ በተከፈተ ሰማይ ሥር የታየውን የሕንድ ፊልም ያወሳል። ሌላው በአዲስ አበባ ሲኒማ አምፒር የገባበትን ቅዳሜ ይተርካል፤ ሦስተኛው በአረብኛ የተነበበውን ሱፐርማን። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ‹‹የዛሬ ልጅ ምን አየና!›› ይላሉ። የዛሬው ልጅ ግን እዚያው ጥግ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ‹‹ሀ››ን ከ‹‹ለ›› አይለይም። አማርኛውን የሚያነብበት አንድም የሥዕል መጽሐፍ በቤቱ የለም። ናፍቆታቸው እውነተኛ መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ የሚያስወቅሳቸው ለልጁ ያተረፈለት ነገር አለመኖሩ ነው።

በዚህ ዓይነት ናፍቆት ሐበሻ ብቻውን አይደለም። አምሳና ስድሳ የተሻገሩ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1972 መታተም የጀመረውን ‹‹ዘ ማይቲ ወርልድ ኦፍ ማርቭል›› የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ሲያስቡ ሆዳቸው ይባባል። መጽሔቱ የአሜሪካኖቹን የሃልክንና የስፓይደርማንን ታሪክ በየሳምንቱ እየከፋፈለ፣ በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ መልሶ የሚያትም የውሰት ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ያው አሳታሚ በ1976 ‹‹ካፒቴን ብሪቴን›› የተባለ የአገሩን ጀግና አወጣ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም እንግሊዛዊው አለን ሙር ያንኑ ጀግና እየጻፈ በሙያው ገነነ። የባዕድ ጀግና የአገሩን ይገድላል የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ምን ሊሉት ነው?

አረቦቹ ደግሞ ከዚህ ላቅ ያለ ሥራ ሠሩ። በ1964 ሱፐርማን በቤይሩት በአረብኛ ሲታተም ክላርክ ኬንት ‹‹ነቢል ፈውዚ›› ተባለ። በዚህ አንድ ስም የአረብ ልጅ ጀግናውን የሰፈሩ ሰው አደረገው። ሱዳንም ብትሆን ከ1946 ጀምሮ ‹‹አስ-ሲብያን›› የሚባል የልጆች መጽሔት ነበራት፤ የጊታሩ ሰው ሸርሃቢል አሕመድ ‹‹አመክ ተንጎ››ን፣ ማለትም አጎትህ ተንጎን፣ የሣለው ለዚሁ መጽሔት ነው። ዝነኛ ሙዚቀኛ ለልጆች መሣልን እንደ ውርደት አልቆጠረውም።

በአማርኛ ግን ለልጅ የሚሆን ትርጉም የተናቀ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። የተርጓሚ እጦት አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ዲከንስን ተርጉሟል። ነቢይ መኰንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ‹‹ነገም ሌላ ቀን ነው››ን ለአንባቢ አብቅቷል። ለአዋቂ ይህን ያህል መከራ የተከፈለበት ቋንቋ ለልጅ ሲሆን ‹‹ጨዋታ ነው›› ተብሎ ይታለፋል። ጨዋታ ነው የሚል ሰው እስቲ አንድ ገጽ ይሞክር። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ሲበቃው፣ ፒተር ፓርከር አክስቱን ‹‹አንቺ›› ይበላት ወይስ ‹‹እርስዎ››? ሟቹ ቤን ‹‹ጋሼ ቤን›› ይሆናል ወይስ ‹‹አጎቴ››? የጋዜጣው አለቃ ‹‹አንተ›› እያለ ሲጮኽበት ልጁ ‹‹እርስዎ›› እያለ ቢመልስ፣ በእንግሊዝኛው ተሸፍኖ የነበረው የአለቃና የምንዝር ነገር በአማርኛ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ለድምፁማ ቋንቋው ሀብታም ነው፤ ‹‹ድው››፣ ‹‹ጧ››፣ ‹‹ዥው›› ከማንም መዋስ አያሻቸውም። አረብኛ ከቀኝ ስለሚነበብ የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል ማገላበጥ ግድ ይለው ይሆናል፤ አማርኛ ግን ያ ጣጣ የለበትም።

ሌላው ወገን ትርጉምን የሚፈራው ነው። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ከኪነ ጥበቡ መንደር ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ ስጋቱ አይናቅም። ይሁንና የሕንዱን ፊልም ቋንቋውን ሳይሰማ አይቶ ያደገ ጎልማሳ፣ ልጁ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ሲሰማ ባህል ጠፋ ብሎ መጮኹ ምን ይባላል? በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ‹‹ሰይጣን ቤት›› ተብሎ ነበር። ትናንት ሰይጣን የተባለው ዛሬ ናፍቆት ሆኗል።

ናፍቆትን በሥራ የለወጡ ሰዎችን ለማየት ከካርቱም መውጣት አያስፈልግም። በ2019 በሱሃይብ ገስመልባሪ የተሠራው ‹‹ስለ ዛፎች ማውራት›› የተባለ ዘጋቢ ፊልም አራት አረጋውያን የፊልም ሠሪዎችን ያሳያል። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሥራቸው የታገደባቸው እነዚህ ሰዎች በኡምዱርማን የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ፤ አቧራውን ይጠርጋሉ፤ የሰፈሩን ሰው ምን ፊልም ማየት እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ። ፈቃዱን አላገኙም። ቢሆንም ትዝታ እያወሩ አልተቀመጡም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት የካላክላን ሐበሻ በየአቅጣጫው በትኗል። በየደረሰበት አገር ልጁ አዲስ ቋንቋ ይማራል፤ አማርኛው የእናት ቁጣና የቡና ላይ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰበብ ለሚፈልግ ጦርነቱ በቂ ሰበብ ነው፤ ነገር ግን ከጦርነቱ በፊት በነበሩት የሰላም ዓመታትም መጽሐፉ በቤቱ አልነበረም።

‹‹በአማርኛ ምን አለና!›› የሚለው መልስም ከ2018 ወዲህ አያስኬድም። በዚያ ዓመት የብስራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ ‹‹ጀምበር››ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል፤ ባለታሪኩ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ‹‹ሃዊ›› የምትባል ሴት ጀግናም ተከትላለች። ጀምበር ተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፊደሉን ማስቆጠር ደግሞ የኮሊዚየምን ወንበር እየናፈቁ ሦስተኛውን ቡና የሚጠጡት የእነዚያው ጎልማሶች ፋንታ ነው።